የሐምሌ እንጨት ለምን ይጨሳል? ከጓሮ ማገዶ ስለመቁረጥና ስለማድረቅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለውን ቤትና መሬት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከጓሮው 1 ጥማድ የሚሆን ባሕር ዛፍ አለ። ዳር ዳሩን ጥድና ሁለት ትልልቅ ኮሶ አለ። ሐምሌ ላይ ማገዶ ስላለቀብን 15 ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግቼ ደረደርኩትና በላስቲክ ጥቅልል አድርጌ ሸፈንኩት። ሁለት ወር ሆነው። አሁንም ሲነድ ጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። እናቴም ሳል ጀምሯታል። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው የእኔ? መቼ ነው የሚቆረጠው? በስንት ጊዜስ ይደርቃል? ዛፉም እንዳያልቅብኝ እፈራለሁ።»

ጋሼ ብለሽ ጽፈሽልኛልና እኔም እንደ ታናሽ እህቴ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። አባትሽን ነፍስ ይማር። የተከሉት ዛፍ ቤት ሲያሞቅ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እንዳያልቅብሽ መፍራትሽንም ወድጄልሻለሁ። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ጉቶው ከደረቀ በኋላ ነው።

እንጨትሽ ምንም አልሆነም። እርጥብ ነው፣ በቃ። ሐምሌ ተቆረጠ፣ ሳይፈለጥ ተከመረ፣ በላስቲክ ታፈነ። በዚህ አያያዝ ሁለት ወር ቀርቶ ስድስት ወርም ቢቀመጥ ብዙ ለውጥ አታዪበትም።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ እንጨት ተሸክመሽ ወደ ኩሽና ስትገቢ 5 ሊትር ያህል ውኃም አብረሽ ተሸክመሻል። በደንብ የደረቀ ማገዶ ግን ከክብደቱ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው ውኃ፣ ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል። ያ 10 ኪሎ እንጨት እስከዚህ ድረስ ሲደርቅ 6 ኪሎ ከሩብ ገደማ ይመዝናል። 65 ኪሎ እርጥብ እንጨት ቢሆን ደግሞ ነፋሱ ይዞት የሚሄደው ውኃ አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ይህን ውኃ ወይ ነፋስና ፀሐይ በነፃ ያወጡልሻል፣ ወይ አንቺ ምድጃ ላይ በማገዶሽ ታፈያለሽ።

ብዙ ሰው ጉዳቱ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ውኃው ይወጣል። ከዚያ እንጨቱ ራሱ ወደ ጋዝ መለወጥ ይጀምራል። ነበልባል የምንለው ይህ ጋዝ ሲነድ ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በዚህ መንገድ ይሄዳል። ፍም ሆኖ የሚቀረው ትንሹ ክፍል ነው። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን እንፋሎቱ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። ጋዙም ሳይነድ ያመልጣል። ዓይንሽን የሚያቃጥለው ጭስ ያልነደደ ማገዶ ነው። ምጣዱ ሥር የሚጋገረው ጥቀርሻም እሱ ነው።

ማየት ከፈለግሽ ዛሬ ማታ ጧፍ አብሪ። እፍ ብለሽ አጥፊውና ወዲያው ከክሩ ወደ ላይ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ተመልከቺ። ክብሪት ጭረሽ ጭሱ ላይ አስጠጊ፣ ክሩን አትንኪ። ጭሱ ራሱ ይያያዝና እሳቱ ወደ ክሩ ይወርዳል። የእናትሽን ኩሽና የሚሞላውም እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሊነድ ይችል ነበር፣ ግን አልነደደም።

«በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይነዳል። ግን የደረቁን ሙቀት በልቶ ነው። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ ጋር እየቀላቀልሽ ለማንደድ አትሞክሪ። ሁለቱም ይጨሱብሻል።

አሁን እጅሽ ላይ ስላለው ክምር ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ላስቲኩን አንሺ። ዛሬውኑ። እኔም በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ሰኔ ላይ አንድ ክምር ባሕር ዛፍ በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ። መስከረም ላይ ስከፍተው ሙቅ፣ የምድር ቤት ዓይነት ሽታ ፊቴን መታኝ። የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ በጠብታ ተሸፍኗል። የታችኞቹ ግንዶች ላይ ነጭ ሻጋታ ተነጥፏል፣ በሁለቱ ላይ እንጉዳይ በቅሏል። ከእንጨቱ የወጣው ውኃ የሚሄድበት ስላጣ ላስቲኩ ላይ ጠብ እያለ ተመልሶ እንጨቱን ሲያጠጣው ከርሟል። ዝናብ አልነካውም። በራሱ ውኃ ነው የበሰበሰው።

ክምሩን ከግድግዳው አርቂው። ሁለት ሦስት ሜትር ይበቃል። የጭቃ ግድግዳ ከክረምቱ የያዘውን እርጥበት ለእንጨቱ ይሰጣል፣ በመካከሉ ነፋስ አይገባም፣ አይጥም ይራባበታል። እሳት ቢነሳ ደግሞ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። ሻጋታ የያዘውን ለይተሽ ፀሐይ ላይ ዘርጊው። ሲደርቅ በመጥረጊያ አራግፊው፣ አፍና አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍነሽ። ሻጋታ እንዳለበት ወደ ኩሽና አታስገቢው። ለሳል ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም አስፈልጪ። ሳይፈለጥ የቀረ እንጨት የመድረቂያ መንገዱ ተዘግቶበታል። ውኃ በዛፉ ውስጥ የሚሄደው ከሥር ወደ ላይ በረጃጅም ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም የሚወጣው በዋናነት በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው። በጫፍ የሚወጣው በጎን ከሚወጣው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ልጡ ደግሞ ውኃ እንዳይወጣ ዛፉ ለራሱ የሠራው ልብስ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠቅማል፦ ማሳጠር፣ መፍለጥ፣ መላጥ። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ውፍረቱ የእጅሽን አንጓ ያህል ቢሆን ለእንጀራ ምድጃም ለወጥም ይሆናል። እንደ ጭን የወፈረ ድፍን ግንድ ብትተዪው ዓመት ሙሉ ቆሞም ልቡ እርጥብ ነው።

ባሕር ዛፍን በርጥቡ ፍለጪው። ይህን ያልሰማ ሰው ብዙ መጥረቢያ ይሰብራል። በተቆረጠ በሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ ፏ ብሎ የሚከፈት ግንድ፣ በስድስተኛው ወር እንደ ድንጋይ ይሆናል። እንጨቱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። የሐምሌው ግንድሽ አሁንም እርጥብ ስለሆነ ጊዜው አላለፈብሽም። ካስቸገረ መጀመሪያ ጫፉ ላይ የታየውን ስንጥቅ ፈልጉና ሽብልቅ አስገብታችሁ ምቱት። ጉጥ ያለበትን ክፍል በግድ መፍለጥ አያስፈልግም። ለየብቻው ይቀመጥ፤ ለበዓል ድግስ ትልቅ እሳት ሲያስፈልግ ይሆናል።

ልጡን በተመለከተ፣ የደብረ ብርሃን አካባቢ ነጭ ባሕር ዛፍ ልጡ በርጥቡ በቀላሉ ይገፈፋል። ለይተሽ አድርቂው። ለማቀጣጠያ የሚወዳደረው የለም።

አሁን ስለ አደራደሩ። ሁለት ረድፍ ድንጋይ አስቀምጪ፣ በላዩ ሁለት አጣና አጋድሚ። ፍልጡ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። መሬት የነካው ረድፍ ሁሌም ይበሰብሳል፣ ቆላማ በሆነ አገር ደግሞ ምስጥ ይወጣበታል። ከአጣናው ላይ ፍልጡን በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሪ። ሦስት አራት ረድፍ አጠጋግተሽ እንደ ግንብ ብታደርጊው መካከለኛው አየር አያገኝም። ሁለቱ ዳርና ዳር እንዳይናድ አንዱን ዙር ወዲህ፣ አንዱን ዙር ወዲያ እያደረግሽ አመሳቅዪው። በፍልጦቹ መካከል እጅሽ የሚገባበት ክፍተት እዚህም እዚያም ይኑር። ቁመቱ ከደረትሽ አይለፍ። ልጆች ላይ የተናደ ክምር አይቻለሁ።

የተቆረጠው ጫፍ ወደ ነፋሱ ይዙር። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሦስት አራት ቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ የኩሽናሽን ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ፀሐይ ጥሩ ናት። ግን ከፀሐይና ከነፋስ አንዱን ምረጪ ብትዪኝ ነፋሱን እመርጣለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ነፋስ የማያጣት አገር ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ቢያንቀጠቅጥሽም ያ ደረቅ ብርድ ለእንጨትሽ ይጠቅማል።

ክዳኑ ከላይ ብቻ ይሁን። ሁለት አሮጌ ቆርቆሮ በትንሹ አዘንብለሽ ጣዪበትና ድንጋይ ጫኚበት። ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። በሰሜን ሸዋ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ስለሚመጣ ቆርቆሮው ከጥር መጨረሻ በፊት ቦታው ላይ ይሁን። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያለ ክዳንም ይደርቃል። በተረፈ ድንገት የሚመጣ ዝናብ አያስደንግጥሽ። ከውጭ የመታው ውኃ በሁለት ቀን ነፋስ ይሄዳል። ወራት የሚፈጀው ከውስጥ ያለው ነው።

መቼ ይቆረጥ ላልሽው፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከፊትሽ ረጅም በጋ አለ። ጥቅምት ላይ ተቆርጦ ወዲያው የተፈለጠና በደንብ የተደረደረ፣ አንጓ የሚያህል ፍልጥ፣ በአራትና በአምስት ወር ለምድጃ ይደርሳል። ከዚያ የወፈረው እስከ ግንቦት ይጠብቅ። ይህ ማለት ዘንድሮ ጥቅምት የምትቆርጪው ለሚመጣው ክረምት ነው። ማገዶ አለቀ ብሎ መቁረጥ ከጀመርሽ ሁልጊዜ እርጥብ ታነጃለሽ። አንዴ አንድ ዓመት መቅደም ነው። ከቀደምሽ በኋላ ሥራው እኩል ነው፣ ድካሙ አይጨምርም።

አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ። ውፍረታቸው ክንድ የማያህሉትን ቀጫጭን ዛፎች ከቆረጥሽ በኋላ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ሳትመለምይ ሁለት ሦስት ሳምንት እንደተጋደሙ ተያቸው። ቅጠሉ እስኪጠወልግ ድረስ ከግንዱ ውኃ እየሳበ ያተንናል። ቅጠሉ ሲጠወልግ መልምለሽ ቆራርጪ። ለወፍራሞቹ ግን ይህን አታድርጊ። እነሱ ቶሎ መፈለጥ አለባቸው።

መድረቁን በምን ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው ጫፉ ተሰነጣጥቆ ሲያይ ደርቋል ይላል። ባሕር ዛፍ ላይ ይህ ያታልላል። ጫፉ በሁለተኛው ሳምንት ይሰነጠቃል፣ ልቡ ግን ገና ነው። ሁለት ፍልጥ አንስተሽ እርስ በርስ አጋጪ። የደረቀ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ እርጥብ ግን «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ወይም አንዱን እንደገና ፍለጪና አዲስ የተከፈተውን ፊት ጉንጭሽ ላይ አድርጊ። ቀዝቀዝ ካለሽ ውኃ አለው። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። ኋላ ተምሬ ምክንያቱን ሳውቅ እንኳን ከእሷ የተሻለ ፈጣን መንገድ አላገኘሁም።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ግን ሚዛን አለ። ክምሩን ስትደረድሪ ሦስት ፍልጥ ምረጪ፦ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከመካከል፣ አንዱን ከላይ። ቀለም ቀቢያቸው። መዝኚና ከቀኑ ጋር ጻፊ። በየሳምንቱ እያወጣሽ መዝነሽ ወደ ቦታቸው መልሺ። መጀመሪያ በየሳምንቱ በጉልህ ይቀንሳሉ። ከዚያ ቅነሳው ይዘገያል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት በተከታታይ ያው ሲሆኑ ነፋሱ ሥራውን ጨርሷል። በርጥቡ 3 ኪሎ የነበረ ፍልጥ 1 ኪሎ ከ900 ግራም አካባቢ ሲደርስ ለምድጃ ደርሷል ማለት ነው። የገበያ ሚዛን ካለሽ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግሽም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የደረቀውን ጣሪያ ወዳለው ቦታ አስገቢ። ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ቢሆን ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እንጨቱ ትንሽ መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ የሳምንቱን ያህል ቀድመሽ ወደ ኩሽና አምጪ። እናቶቻችን ከምድጃው በላይ ቆጥ ሠርተው እንጨት የሚሰቅሉት ለዚህ ነበር። ብልሃቱ ትክክል ነው። እሳት ግን ያስነሳል። ቆጡን አልመክርሽም፤ ከምድጃው ሁለት ክንድ ራቅ አድርገሽ ግድግዳው ጥግ ብታቆሚው ይበቃል።

አሁን ወደ ዛፎችሽ ልምጣ። ኮሶዎቹንና ጥዱን አትንኪ። ኮሶ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ እየጠፉ ያሉ የአገር ዛፎች ናቸው። በጓሮሽ ቢሆኑም ከመቁረጥሽ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለብሽ። ሕጉን ብንተወው እንኳ ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አንዴ ከተቆረጠ አለቀ። ራሱ የደረቀ ቅርንጫፉን መልቀም ግን ይቻላል። ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ካለሽ ስትቆርጪ ተጠንቀቂ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ወይራ ብታገኚ ደግሞ ለምድጃ አታጥፊው። ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሁን።

የማገዶሽ ተስፋ ባሕር ዛፉ ነው። የመጣውም ለዚሁ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ ሲያልቅባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይህ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ትልቁ በጎነቱ ደግሞ ከጉቶው መልሶ መብቀሉ ነው። ይህን በጎነት የሚያጠፋው አቆራረጥ ነው።

ጉቶው ከመሬት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ይሁን፣ ግን መሬት ድረስ አይላጭ። በተሳለ መጋዝ ይቆረጥ። መጥረቢያ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል፣ ልጡንም ይገነጥለዋል። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከልጡ ሥር ነው። ልጡ ከተገነጠለ ጉቶው ይሞታል። ፊቱ በትንሹ ያዘንብል፣ ዝናቡ እንዳይተኛበት። ከዚያ ከብት እንዳይገባ አጥሪ። የመጀመሪያውን ዓመት ቡቃያ ከብት ከሰበረው ጉቶው ኃይሉን በከንቱ ይጨርሳል።

ከአንዱ ጉቶ አሥርም ሃያም ቡቃያ ይወጣል። ሁሉንም ብትተዪ ሁሉም ጭራሮ ሆነው ይቀራሉ። ቁመታቸው ከሰው ሲያልፍ ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉትን፣ ጉቶውን ጠበቅ አድርገው የያዙትን አስቀሪ። ሌላውን ቁረጪ። የተቆረጠውም አይባክንም፤ በአንድ ወር ደርቆ ለምጣድ ይሆናል።

1 ጥማድሽን ሩብ ሄክታር ያህል ብለን እንያዘው፤ 2,500 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በድንጋይ ምልክት አምስት ቦታ ክፈይው። በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ቁረጪ። አምስተኛውን ጨርሰሽ በቀጣዩ ዓመት ወደ መጀመሪያው ስትመለሺ አምስት ዓመት ሞልቶታል፣ ለማገዶ የሚበቃ ውፍረት ይኖረዋል። ብርዱ እድገቱን ካዘገየው ስድስት ቦታ ክፈይው። ሐምሌ ላይ ያስቆረጥሻቸው 15 ዛፎች ከየቦታው ተለቅመው ከሆነ ግድ የለም፤ ከአሁን ወዲያ ግን ከአንድ ወገን ጀምሪ። ከመካከላቸው ቀጥ ብለው ያማሩትን ግን ለማገዶ አትጣያቸው። አጣና፣ ማገርና ወራጅ ከማገዶ ይልቅ ገንዘብ ያወጣሉ። ጠማማው፣ ጫፉና ቅርንጫፉ ማገዶ ይሁን።

ያንን አንድ ክፍል ከመንካትሽ በፊት ግን በየዓመቱ መሬቱን ዙሪው። የወደቀ፣ ቆሞ የደረቀ፣ በነፋስ የተሰበረ አለ። እሱ ይቅደም። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ግማሽ ሥራው ተሠርቷል። አንድ ሁለቱን ግን ለወፎችና ለንቦች ተዪላቸው። ቅጠሉንም ሁሉ ጠርገሽ አትውሰጂ። ለእንጀራ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደሚወደድ አውቃለሁ፣ ነበልባሉ ምጣዱን እኩል ያሞቃል። ግን በየዓመቱ እስከ ቀይ አፈሩ የተጠረገ መሬት ለምነቱ ያልቃል፣ ዝናቡም አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ዘንድሮ ከምትቆርጪው ክፍል የወጣውን ቅጠል ውሰጂ፣ የሌላውን መሬት ላይ ተዪው።

መቁረጡን ለሚያውቅ ሰው ስጪ። ነፋስ ባለበት ቀን አይቆረጥ፣ ብቻውንም አይቁረጥ። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል እስከ ሩብ የሚደርስ አፍ ይከፈትለት፣ ከዚያ ከጀርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጥ። በመካከል ሳይቆረጥ የሚቀረው ስስ እንጨት እንደ ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይመራዋል። ቆራጩ የሚሸሽበት መንገድ አስቀድሞ ይጠረግ። ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ ሥር ማንም አይግባ። በዚህ የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ።

የእናትሽን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይያት፣ እንጨቱ እስኪደርቅ አትጠብቂ። እስከዚያው እርጥቡን ተዪና ቆሞ የደረቀውን፣ ካልሆነም ገዝተሽ ደረቅ ተጠቀሚ። እንጀራ የምትጋግሩት በሦስት ጉልቻ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ብታስገቢ በጣም ደስ ይለኛል። እሳቱን ዙሪያውን ይዞ ምጣዱ ሥር ያቆየዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ያ ማለት ጓሮሽ ውስጥ የምትቆርጪው ዛፍ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከጣሪያው ሥር ይከፈት፣ ስትጋግሩም በሩ ክፍት ይሁን። ምድጃውን አትጠቅጥቂው። ከሥሩ አመዱ በየጊዜው ይውጣ፣ በፍልጦቹ መካከል አየር ይግባ። ደረቅ እንጨትም ከታፈነ ይጨሳል።

እንግዲህ ላስቲኩን ዛሬ አንሺ። ይህን ሳምንት አስፈልጪና ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ ደርድሪ። ጥቅምት ሲገባ የመጀመሪያውን ክፍል ቁረጪ። ቀለም የቀባሻቸውን የሦስቱን ፍልጦች ክብደት በየሳምንቱ እየመዘገብሽ፣ ጥር ላይ ቁጥሩን ላኪልኝ። መድረቁን አብረን እናያለን።